ከጎባ እስከ ደሎ መና

የጂኦግራፊ አስተማሪ ሁሉ አይቶት የማያውቀውን ተራራ ሲያስተምር ይኖራል። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሦስት ማዕዘን እየሣልሁ፣ «ይህ ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ከፍታው 4,377 ሜትር ነው» ስል ኖሬያለሁ። ተማሪዎቼም ሦስት ማዕዘኑን በደብተራቸው ይገለብጣሉ። አንድ ቀን ግን ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ እዚያ ላይ መኪና ይሄዳል?» ብሎ ጠየቀኝ። «ይሄዳል» አልሁት። «ሄደው ያውቃሉ?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና ታርሞ ውጤቱ ከገባ በኋላ፣ በጥር መጨረሻ፣ ካፖርቴን ይዤ ወደ ባሌ የወጣሁት ስለዚህ ነው።

ከአዲስ አበባ እስከ ዲንሾ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የዚህን መንገድ ነገር አላስረዝመውም፤ አውቶቡስ ተሳፍሮ በሻሸመኔ በኩል የወጣ ሁሉ የዶዶላንና የአዳባን የስንዴና የገብስ ማሳ ያውቀዋል። ዲንሾ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት የሚገኝባት ቀዝቃዛ ከተማ ናት። ከጽሕፈት ቤቱ አጠገብ ወዳለው የጥድና የኮሶ ዱር ገብቼ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳልሄድ፣ አንድ ትልቅ የደጋ አጋዘን ከፊቴ ቆመ። ቀንዱ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ፣ አንገቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት፣ ሰው አይቶ የማይቸኩል እንስሳ ነው። «ይህን ፍጥረት የት ነው የማውቀው?» ስል ቆየሁና ትዝ አለኝ፤ በዐሥር ሳንቲም ላይ ነው። ስንቱ የመንግሥት ሠራተኛ በኪሱ ይዞት ሲዞር ኖሯል!

ይህ አጋዘን ከኢትዮጵያ ደቡብ ምሥራቅ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። የአገሩ ሰው «ገደምሳ» እያለ ከጥንት ጀምሮ ሲያውቀው፣ የአውሮፓ ሊቃውንት ግን ባክስተን የሚባል እንግሊዛዊ በ1908 (ዓመቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) አንዱን ገድሎ እስኪያሳያቸው ድረስ መኖሩን አልሰሙም ነበር። በ1910 የሳይንስ ስም ሲያወጡለት የገዳዩን ስም ሰጡት። ፓርኩ የተቋቋመው በ1970 ሲሆን በ2023 ሪያድ ላይ በተደረገው ስብሰባ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። የተመዘገበው ስፋት 2,150 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው።

በማግሥቱ ከንጋቱ በዐሥራ ሁለት ሰዓት ጎባ ላይ የጭነት መኪና ተሳፈርሁ። መኪናው ስኳርና ሳሙና ጭኖ ወደ ደሎ መና ይወርዳል፤ ቡናና ሙዝ ይዞ ይመለሳል። ጋቢናው የተሠራው ለሦስት ሰው ነው፤ እኛ ግን አራት ሆንን። ሾፌሩ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ወሬውን በመሪው ላይ በጣቱ እየደበደበ የሚያወራ ሰው ነው። ከእርሱ አጠገብ ወደ ሥራው የሚመለስ ወጣት የፓርክ ጠባቂ ተቀምጧል። ቀጥሎ እኔ አለሁ። በመስኮቱ በኩል ደግሞ ወደ ሪራ የሚሄዱ፣ ጋቢያቸውን በካፖርታቸው ላይ የደረቡ አዛውንት ተቀምጠዋል። በጉልበታቸው ላይ በጨርቅ የተሸፈነ ዘንቢል ይዘዋል። መኪናው ገና የጎባን ዳገት ሲጀምር ዘንቢሉ አለቀሰ።

«አባባ፣ ምንድን ነው የያዙት?» አለ ጠባቂው።

«ቡችላ ናት» አሉት። ጨርቁን ገለጥ አደረጉት። ጆሮዋ ገና ያልቆመ፣ ቀይ ዳማ፣ ከጭብጥ እምብዛም የማትበልጥ ውሻ ናት።

«ተከትባለች?»

«ከጎባ ከወንድሜ ቤት ትናንት ነው የተቀበልኋት። ጡት ከተወች ገና ስንት ቀኗ ነው? መቼ ትከተብ ልጄ?»

ጠባቂው መልስ አልሰጠም፤ ወደ መንገዱ ዞሮ ዝም አለ። እኔ በዚያን ጊዜ ስለ አንዲት ቡችላ ይህን ያህል ፊት መጥቈር ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም ነበር።

ከጎባ ወደ ላይ መንገዱ ሠላሳ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ከሺሕ ሜትር በላይ ይወጣል። ዛፉ እንደ ክፍል ተማሪ በቁመት የተሰለፈ ይመስላል። መጀመሪያ ጥድና ኮሶ፣ ቀጥሎ ቢጫ አበባ ያለው አምጃ፣ ከዚያ አስታ ይመጣል። አስታው ከታች ዛፍ ነው፤ ከፍ ባልን መጠን እያጠረ ሄዶ ቍጥቋጦ ይሆናል፤ ኋላም ከጉልበት አይበልጥም። ከዚያ በኋላ ዛፍ የሚባል ነገር አልቆ ጅብራ ብቻውን ይቀራል። ጅብራ በድንጋዩ መካከል እንደ ዘበኛ ነጠላ ነጠላውን ቆሞ የሚታይ ተክል ነው፤ ዓመታት ሙሉ ቅጠል ብቻ እያበቀለ ይቆያል፤ አንድ ጊዜ ረጅም አበባውን አውጥቶ ዘሩን በትኖ ይሞታል። አዛውንቱ በጣታቸው እየጠቈሙ የኦሮምኛ ስሙን ሁሉ ይነግሩኝ ነበር፤ ግማሹን እንኳ በማስታወሻዬ ሳልይዘው መኪናው አንገጫገጨኝ።

ከሦስት ሰዓት በፊት ሳነቴ ላይ ወጣን። እንደ ጠመኔው ሦስት ማዕዘን ሹል ጫፍ ያለ መስሎኝ ነበር፤ ያየሁት ግን ሜዳ ነው። አራት ሺሕ ሜትር ላይ የተዘረጋ፣ በሩቁ ትንንሽ ኵሬዎች የሚያብረቀርቁበት፣ ሣሩ አመድማ የሆነ ሰፊ ሜዳ። በአፍሪካ ውስጥ ከዛፍ ወሰን በላይ ካለው ደጋ ሁሉ በስፋት የሚበልጠው ይህ ነው። ቱሉ ዲምቱ ራሱ፣ ትርጕሙ «ቀይ ኰረብታ» ማለት ነው፣ ከሜዳው ላይ ጕብ ያለ፣ በራሱ ላይ የቴሌ አንቴና የተተከለበት ገራም ኰረብታ ሆኖ አገኘሁት። ለተማሪዎቼ ይቅርታ መጠየቅ ይገባኛል።

አየሩ ግን አልገራምም። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ካለው ከመቶ ስድሳ ሁለት እጅ ያህል ብቻ ነው። ከመኪናው ወርጄ ሃያ እርምጃ ስሮጥ ልቤ እንደ ከበሮ መታ። በበጋ ሌሊት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ ደርሶ ያውቃል። በኵሬው ዳር ያለው ውሃ እንደ መስተዋት ረግቶ ነበር፤ በድንጋይ ብመታው ተሰነጠቀ።

«መምህር፣ ድንጋዩን ተወውና ወደዚያ ተመልከት» አለ ሾፌሩ።

ከመንገዱ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ርቆ አንድ ቀይ ቀበሮ ቆሟል። ቀይነቱ እንደ ተወለወለ ሸክላ ነው፤ ጉሮሮውና ሆዱ ነጭ፣ እግሩ ረጅም፣ አፉ ሹል። እኛን ከቁም ነገር አልቈጠረንም። አንገቱን አቀርቅሮ አንድ ጕድጓድ ይመለከታል፤ ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም። ጠባቂው በሹክሹክታ፣ «ፍልፈሉን እየጠበቀ ነው» አለኝ። ይህ ትልቅ ፍልፈል ከባሌ በቀር በዓለም ላይ የለም። ዐይኑ በአናቱ ላይ ነው፤ ከጕድጓዱ ራሱን ብቅ አድርጎ በዙሪያው ያለውን ሣር አፉን ሞልቶ ይነጭና በኋሊት ይመለሳል። ቀበሮው የሚያሸንፈው በዚያች ቅጽበት ነው። ያን ቀን አላሸነፈም፤ ዘለለ፤ አፈር ዛቀ፤ ከዚያ እንደ አፈረ ሰው ወደ ጎን እያየ ሄደ።

ባሌ ውስጥ ባላገሩ «ጀደላ ፈርዳ»፣ የፈረስ ቀበሮ፣ ይለዋል፤ የምትወልድ ባዝራ ተከትሎ የእንግዴ ልጁን ስለሚበላ ነው አሉኝ። ከአይጥና ከፍልፈል በቀር ብዙ የሚበላው የለም። በ2024 የወጣ ጥናት ደግሞ ይኸው አዳኝ እንደ ሻማ ቀጥ ብለው የቆሙ ቀይና ቢጫ አበቦችን ማር እየዞረ ሲልስ መታየቱን ገልጿል። በመላው ዓለም ያሉት ጐልማሳ ቀይ ቀበሮዎች ሁሉ ቢሰበሰቡ አምስት መቶ አይሞሉም። ሁሉም ያሉት በኢትዮጵያ ነው፤ በሰሜን፣ በመንዝ፣ በወሎ፣ በአርሲ ጥቂት ጥቂት አለ፤ ከግማሽ የሚበልጠው ግን እዚህ ባሌ ውስጥ ነው። እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት በሰንደቅ ዓላማው ሥር የሚሰለፈው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ብቻ ከዚህ ይበልጣል።

ጠባቂው ዝምታውን የተወው እዚህ ላይ ነው። «ይህ ቀበሮ ሲያድን ብቻውን ነው» አለ። «ኑሮው ግን በመንጋ ነው። ማለዳና ማታ ይሰበሰባሉ፤ ሲገናኙ አፍ ለአፍ ይላላሳሉ። ከመንጋው የምትወልደው አንዲቱ ናት፤ ነገር ግን ሁሉም ናቸው የሚያሳድጉት፤ በሆዳቸው ይዘው የመጡትን ሥጋ እየተፉ ቡችሎቹን ያበላሉ። አሁን በጥር ቡችሎቹ ከጕድጓድ ወጥተው ይጫወታሉ። ታዲያ ከመንደር የመጣ አንድ ያበደ ውሻ ከመካከላቸው አንዱን ቢነክስ ምን ይሆናል?»

የሆነውን እኔ ኋላ ከመጻሕፍት አየሁት። በ1991 እና በ1992 የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ወይብ ሸለቆ ገብቶ፣ አጥኚዎች አንድ በአንድ ከሚያውቋቸው ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል ሞቱ ወይም ጠፉ። በ2003 ተመልሶ መጣ፤ በዚያው ሸለቆ አሁንም ከአራቱ ሦስቱን ያህል ጨረሰ። በ2008 እና በ2014 ደግሞ ተነሣ። ቀበሮው ከውሻ ጋር አንድ ዐይነት ደም አለውና የውሻው በሽታ ሁሉ የእርሱ ነው፤ ልዩነቱ ውሻው ብዙ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የቀበሮ ጥበቃ ሠራተኞች በፈረስና በእግር በየመንደሩ እየዞሩ በያመቱ በሺሕ የሚቈጠሩ ውሾችን ይከትባሉ። ከ2018 ወዲህ ደግሞ መድኃኒቱን በሥጋ ውስጥ ደብቀው ለቀበሮዎቹ ለራሳቸው ማብላት ጀምረዋል።

«ውሻ አትያዙ ነው እንግዲህ የምትለኝ?» አሉ አዛውንቱ። ድምፃቸው አልከረረም።

«እኔ እንደዚያ አላልሁም አባባ።»

«ልጄ፣ ሪራ ላይ ጅብ አለ። ከጫካው ነብር ይወጣል። ባለፈው ክረምት ሁለት ጥጃ በልቶብኛል። ውሻ የሌለው በረት በር የሌለው ቤት ነው። እኔ አባቴም አያቴም በዚህ ሜዳ ላይ ከብታቸውን እያወጡ ሆራ ያጠጡ ነበር። ያን ጊዜም ውሻ ነበረን፤ ቀበሮም ነበረ። ቀበሮው በበጎቼ ላይ ያደረሰው ነገር የለም፤ እኔም አልጠላውም።»

ሆራ የሚሉት ማዕድን ያለበትን ምንጭ ነው፤ ከብቱን በየወቅቱ ወደዚያና ወደ ደጋው ሣር የማውጣቱ ልማድ ጎዳንቱ ይባላል። አዛውንቱ የተናገሩት እውነት ነው። ነገር ግን በአያታቸው ዘመን ይህ መንገድ አልነበረም፤ በመንገዱ ዳር የተሠራው ቤትም፣ በዘንቢል ከጎባ የሚመጣው ቡችላም አልነበረም። ይህን ልናገር አስቤ ነበር፤ ሆኖም እኔ ራሴ የመጣሁት በዚያው መንገድ መሆኑን ሳስታውስ ተውሁት።

ክርክሩን ያቋረጠው ሾፌሩ ነው። «እኔም ከውሻው አልተሻልሁም» አለ፤ መሪውን መደብደቡን ተወ። «ከሁለት ዓመት በፊት ሌሊት እዚህ ሜዳ ላይ አንዷን ገጨሁ። ጭጋግ ነበረ። ወርጄ አየኋት። ጡቷ ወተት ነበረው።» ከዚያ በኋላ ሳነቴን በሌሊት አቋርጦ አያውቅም፤ ከመሸ ጎባ ወይም ሪራ ያድራል። በአፍሪካ ዓመቱን ሙሉ መኪና ከሚያልፍባቸው መንገዶች ከፍተኛው ይህ ነው ይባላል፤ ሾፌሮቹ በዚህ ይኰራሉ። ሜዳው ቀጥ ያለ ስለ ሆነ ከዳገቱ ስንፈውና ትንፋሻችን ሲመለስ ሁሉም ይከንፍበታል።

ጠባቂው የሚወርድበት ሰፈር ስንደርስ ሻይ ጋበዘን። ውሃው ቶሎ ፈላ፤ ሻዩ ግን አልጠቈረም። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ87 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ ነው፤ ይህን ለሾፌሩ ባስረዳው፣ «እኛ እንጨቱ ርጥብ ሆኖ ይመስለን ነበር» አለኝ። ጠባቂው ከመሰነባበቱ በፊት ከኪሱ ትንሽ ደብተር አወጣ። የአዛውንቱን ስም፣ የሰፈራቸውን ስም፣ ከዚያም «አንድ ሴት ቡችላ» ብሎ ጻፈ።

«ከታቢዎቹ ወደ ሪራ ሲወርዱ ይሰጧቸዋል አባባ። እስከዚያ ድረስ ይሰሯት፤ ወደ ሜዳው አትውጣ።»

«አስራታለሁ።»

«ቃልዎ ነው?»

«የሰሌን ገመድ እንኳ ገዝቻለሁ» አሉና ከዘንቢሉ ሥር አውጥተው አሳዩት። ጠባቂው ሳቀ፤ እጃቸውን ስሞ ወረደ።

ከሳነቴ ወደ ምዕራብ፣ ከዚህ መንገድ ርቆ፣ ፊንጫ ሀበራ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ። በ2019 የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ከ47 ሺሕ እስከ 31 ሺሕ ዓመት በፊት ሰዎች በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ በዚያ ይኖሩ ነበር። የተራራው አናት በበረዶ ግግር የተሸፈነበት ዘመን ነው። ከበረዶው የሚቀልጠውን ውሃ ይጠጡ፣ ከጥቁር የመስተዋት ድንጋይ ስለት ይሠሩ ነበር፤ ምግባቸውስ? ያው ትልቁ ፍልፈል፣ በእሳት የተጠበሰ። እንግዲህ ሰውና ቀይ ቀበሮ በአንድ ጕድጓድ አፍ ላይ መሻማት ከጀመሩ ብዙ ሺሕ ዓመት ሆኗቸዋል ማለት ነው።

የሳነቴ ደቡባዊ ጫፍ እንደ ጠረጴዛ ጠርዝ በአንድ ጊዜ ያልቃል። ሾፌሩ መኪናውን አቆመልኝ። ከታች ደመና ተኝቷል፤ ደመናው ሲከፈት ማለቂያ የሌለው ጥቁር አረንጓዴ ጫካ ይታያል። ይህ ሐረና ነው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ጆሮዬ ተደፈነ። ጅብራው ጠፍቶ አስታው እንደገና ዛፍ ሆነ፤ ከቅርንጫፉ እንደ ሽማግሌ ጢም ሽበት የሚመስል ነገር ተንጠልጥሏል። ሪራ በዚህ መካከል ያለች መንደር ናት። አዛውንቱ ወረዱ፤ ቡችላዋ በጠመዝማዛው ታማ ጋቢያቸው ላይ ስላስመለሰች በቅጠል እየጠረጉ ተሰናበቱን። «ስትመለስ ቡና ጠጥተህ ሂድ መምህር» አሉኝ።

ከሪራ በታች መጀመሪያ ቀርከሃ ነው፤ ቀርከሃውን የሚበላው የባሌ ጦጣ የሚኖረው በዚህ ነው፤ እኔ ግን አላየሁትም። ቀጥሎ ትልቁ ጫካ ይመጣል። በረጃጅም ዛፎች ላይ እንደ ርሳስ ቅርጽ የሆኑ ቀፎዎች ተሰቅለዋል። ከጥላው ሥር ማንም ያልተከለው ቡና አለ፤ ቀዩን ፍሬ የሚለቅሙት ሰዎች ከዱሩ ነው የሚያመጡት። ሾፌሩ አንበሳ ሲሻገር አይቻለሁ ብሎ ማለልኝ፤ ሐረና ውስጥ አንበሳ ስለ መኖሩ ጥርጥር የለም። ነገር ግን በመንገዱ ዳር በየመካከሉ ጫካው የተመነጠረበትና አዲስ የጭቃ ቤት የቆመበት ቦታም አየሁ። ካፖርቴን አወለቅሁ፤ ቀጥሎ ሹራቤን፤ ደሎ መና ስንገባ በሸሚዝ ብቻ ቀርቼ ላቤን እጠርግ ነበር። በአንድ ቀን፣ ከመቶ ኪሎ ሜትር ብዙ በማይበልጥ መንገድ፣ ከረጋ ውሃ ተነሥቼ ግመል ወዳለበት ገበያ ደረስሁ።

በደሎ መና ሻይ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ካርታዬን ዘረጋሁ። ከላይ በድንጋይ የመታሁት ያ በረዶ የት ነው የሚሄደው? የሳነቴና የሐረና ውሃ በወልመልና በዱማል ወደ ገናሌ ይገባል፤ ወይብም በስተምሥራቅ ዞሮ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ አልፎ ኋላ ከገናሌ ውሃ ጋር ጁባ ይሆናል። ወደ ዋቢ ሸበሌ የሚወርድም አለ። በኢትዮጵያ ቈላ፣ በሶማሊያና በኬንያ በዚህ ተራራ ውሃ የሚኖረው ሕዝብ ዐሥራ ሁለት ሚሊዮን ያህል መሆኑ ይነገራል። ካርታውን ያየ አንድ ግመል ነጂ ሳነቴን በጣቴ ባሳየው ጊዜ፣ «እዚያ ሰው ይኖራል?» ብሎ ጠየቀኝ። ከአዲስ አበባ መጥቼ የተጠየቅሁት ያንኑ የተማሪዬን ጥያቄ ነው፤ አሁን ግን መልስ ነበረኝ፤ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ነገርሁት።

በሦስተኛው ቀን በዚያው መኪና ተመለስን፤ ቡናና ሙዝ ተጭኗል። ሪራ ላይ ሾፌሩ ጎማውን ሲመለከት ወደ አዛውንቱ ቤት ሄድሁ። እርሳቸው ከብት ይዘው ወጥተዋል። ቡችላዋ በአጥሩ ሥር በሰሌኑ ገመድ ታስራለች፤ ስታየኝ በዚያች ትንሽ ድምፅዋ ጮኸችብኝ። የልጅ ልጃቸው የሆነ ስምንት ዓመት የሚሆነው ልጅ ከቤት ወጣ።

«ከታቢዎቹ መጡ?» አልሁት።

«ገና ናቸው።»

«መቼ ይመጣሉ አሉ?»

ልጁ ወደ ላይ፣ ደመናው ወደ ሸፈነው ወደ ሳነቴ ተመለከተ። «በፈረስ ነው የሚመጡት» አለኝ። ገመዱን ያዝ አድርጎ ቋጠሮውን አጠበቀው። ሾፌሩ ሳይመሽ ሜዳውን ልናልፍ ይገባል እያለ ጡሩምባውን ነፋ።